ጎርፉ ያልፋል፤ መኪናውን ግን ላያሳልፍ ይችላል

ጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ችግሩ ያ ዝናብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መውረዱ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በ2019ም ከተማዋ በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። ከደወሌ ወይም ከጋላፊ በኩል ተነስቶ ወደ ዳሜርጆግ ኳራንቲን ለሚገሰግስ ነጋዴ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። መርከብ ቀን ቆርጦ ሲጠብቅ፣ ፍየሉ በዱቤ ተገዝቶ ሳለ፣ የሞላ ወንዝ ዳር መቆም ያንገበግባል።

«በየብስም በውሃም የሚሄድ መኪና ቢኖረኝስ?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። እንደ ካናዳው አርጎ ያሉ ባለ 6 እና ባለ 8 ጎማ ተሽከርካሪዎች ይንሳፈፋሉ። ነገር ግን በጎማቸው እየቀዘፉ ውሃ ላይ የሚሄዱት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለረጋ ሐይቅና ለረግረግ ይሆናሉ፤ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ ጎርፍ ግን ይዟቸው ይሄዳል።

ስለዚህ ምርጫው ያው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። የ70 ተከታታይ ሞዴሉ የተፈቀደለት የውሃ ጥልቀት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እሱም ውሃው ከረጋ ነው። ከዚያ በላይ ከተገባ ውሃ በአየር ማስገቢያው ወደ ሞተር ይገባል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ቢየላ ይታጠፋል፤ ሞተሩም እዚያው ይቀራል።

ብዙውን ጊዜ ግን መኪናውን የሚጎዳው ከተሻገሩ በኋላ የሚረሳው ነገር ነው። ሲነዳ የዋለ ዲፈረንሻል ይግላል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመግባት በፊት ቆም ብሎ ማቀዝቀዝና የመተንፈሻውን ቱቦ አስረዝሞ ወደ ላይ ማሰር። በማግስቱ ዘይቱ ይታይ፤ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ወዲያው ይቀየር። የጎማ ኩሽኔታም ግራሶው ይታደስ።

ሁለተኛው ጠላት ጨው ነው። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ባለው አሳል ሐይቅ ዳር ወይም በባሕሩ ጠረፍ የዋለ መኪና፣ በዚያው ምሽት ሻንሲው ከሥሩ በጨዋማ ባልሆነ ውሃ መታጠብ አለበት። ጨው ቀስ ብሎ ይበላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ሻንሲው ሲሰነጠቅ ነው።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። 30 ኪሎ የሚመዝን ፍየል በቀን 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ድርቆሽ ይበላል፤ በሙቀት ወቅት 4 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። 100 ፍየል ወንዝ ዳር አንድ ቀን ማቆየት ማለት እንግዲህ 100 ኪሎ ድርቆሽና ሁለት በርሜል ውሃ ነው። የዚህን ዋጋ ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር ማወዳደር ለነጋዴ አይከብድም፤ የሾፌሩን ነፍስ ደግሞ በዋጋ የሚተምን የለም።

የእነዚህ ደረቅ ወንዞች ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ድርቆሽና በርሜል ጭኖ የወጣ ነጋዴ መጠበቅ ይችላል፤ ሳይጭን የወጣ ግን ጎርፉን ለመድፈር ይገደዳል።