አንድ ቸርኬ ስንት ነገር ይናገራል?

በብዙ ት/ቤቶቻችን ደወል የሚባለው ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲመታ ሰልፍ ነው፤ ሲመታ ዕረፍት ነው፤ ሲመታ ወደ ቤት ነው። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ት/ቤት አንድ ቀን ከክፍሎቹ ጀርባ የነበረው የሣር ክምር እሳት ያዘና ዘበኛው አባባ ሮጠው ቸርኬውን ደበደቡት። ተማሪዎቼ ምን አደረጉ መሰላችሁ? «ተለቀቅን!» ብለው ደብተራቸውን ይዘው ወጡ፤ ያውም ጭሱ ባለበት በኩል። እኔስ ብትሉ፣ ሰዓቴን ነበር የማየው። ደግነቱ ማንም ሳይጎዳ እሳቱ ጠፋ።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ከቆጵሮስ ተነሥቶ በአቴንስ በኩል ወደ ፕራግ ይጓዝ የነበረ የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሽቅብ ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር እየሳሳ ሄደና የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ጮኸ። ይሁን እንጂ ያው ጡሩምባ በዚያው ድምፅ መሬት ላይ ሲጮህ «አውሮፕላኑ ለመነሣት አልተዘጋጀም» ማለት ነበር። አብራሪዎቹ ይኸኛው መሰላቸው። ስሕተቱን ሲፈልጉ አየር አጥሯቸው ራሳቸውን ሳቱ፤ አውሮፕላኑም ነዳጁ እስኪያልቅ በራሱ በርሮ አቴንስ አቅራቢያ ወደቀ። የተሳፈሩት 121 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በቀድሞዎቹ የ737 ዓይነቶች ላይ ተጨማሪ የማስጠንቀቂያ መብራት እንዲገባ አዘዘ። እንግዲህ ጡሩምባው ድምፁ አላነሰም፤ ትርጉሙ ነው ሁለት የሆነው።

ሮይ ፓተርሰን የተባለ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ባዘጋጀው መመሪያ ይህን ጉዳይ አንሥቶ ነበር። ከመጠን ያለፈ ጩኸት ሰውን ያስደነግጣል፣ መነጋገርንም ይከለክላል። ምታቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ድምፆች ደግሞ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ቢሆንም እንኳ ይምታታሉ።

በሆስፒታል መሣሪያዎችም እንዲሁ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለልብ፣ ለመተንፈስ፣ ለመድኃኒት እያለ ለእያንዳንዱ አደጋ አጭር ዜማ መድቦ ነበር። ዜማዎቹ ስለሚመሳሰሉ ለማጥናት አስቸገሩ። ጁዲ ኤድዎርዚ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦችዋ በዜማው ፈንታ ነገሩን ራሱን የሚመስል ድምፅ ሞከሩ፤ ለልብ የልብ ትርታ፣ ለመድኃኒት የሚንኳኳ የክኒን ጠርሙስ። ሰዎች ቶሎ ለመዱት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደረጃው ሲሻሻልም ገባ። ለሙቀት የተመረጠው የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ነው። በኔ አስተያየት ይኸኛው ለኛ አገር ብዙም አይረዳ፤ ጀበና መቼ ያፏጫል!

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ አባባ ሄጄ «ለእሳት ጊዜ ሦስት መትተው ዝም፣ ሦስት መትተው ዝም ይበሉ» አልኳቸው። ፊሽካ እንዳልል የስፖርት መምህሩ በየቀኑ ይነፋዋል። አባባም ሳቁና «ልጄ፣ እኔ እሳት ካየሁ ኡኡ ነው የምለው» አሉኝ።

እኔ ለካ ይህን ዘንግቼ ነበር። እልልታንና ኡኡታን የሚያምታታ ልጅ የት አለ? ያስተማረውስ ማን ነው?

ስለዚህ ሦስት ይመታሉ፣ ኡኡ ይላሉ፣ ደግሞ ሦስት ይመታሉ ብለን ተስማማን። ለልጆቹ አሰምተን በማግሥቱ ሳንናገር ሞከርነው። ሁለተኛ ክፍሎች ቀድመው በፊት ለፊቱ በር ወደ ሜዳው ወጡ፤ ደብተር የያዘ አልነበረም።