ከኋላ ሲገጩ መንገድ ላይ አይስማሙ

«ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው» የሚለው የሾፌሮች እምነት አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ርቀት መጠበቅ ያለበት ተከታዩ ነውና። ክፋቱ ተገጪውን ማዘናጋቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 የተጋጩ ሁለት ተሽከርካሪዎች ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና ኪሳራውን ለሁለት ያካፍላል። ግምቱ የሚፈርሰው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የገጨዎት ሰው ነገ «ድንገት ፍሬን ያዘብኝ» ቢል ማስረጃው የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው። ስለዚህ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፤ መኪኖቹ ሳይነሱ ሰሌዳዎቹን፣ የተሰበረውን መብራት፣ አስፋልቱ ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት በስልክዎ ያንሱ፤ የምስክር ስልክ ይያዙ፤ ትራፊክ ፖሊስ ይጥሩ።

«ለተጫረ ፓራውልት መንገድ ከመዝጋት ተስማምቶ መለያየት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ጉዳዩ የቆርቆሮ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ። ነገር ግን ከኋላ ሲገጩ ወንበሩ ደረትዎን ወደፊት ሲገፋ ጭንቅላትዎ ለቅጽበት ወደኋላ ይቀራል፣ ከዚያ ይወረወራል። የተለጠጠው የአንገት ጡንቻና ጅማት ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያሰማው ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብለው ከፈረሙ ደግሞ የሕክምናውን ወጪ መጠየቅ ይከብድዎታል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የተደረገው ለእንዲህ ያለው የአካል ጉዳት ጭምር ነው። ደህና ነኝ ቢሉም ይመርመሩ፣ የሕክምና ወረቀቱንም ያስቀምጡ። እጅዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ግን አንገትዎን ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ ይጠብቁ።