ስልኩ የእሳቸው እንዲሆን

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አንድ ያገለገለ ስልክ አይጠፋም። ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ለእናት ይላካል። አገር ቤት ያለውም አቅሙ በፈቀደ መጠን ከመርካቶ ወይም ከሰፈሩ ሱቅ «ስላሽ» የሚባለውን ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ለአባቱ ይሰጣል። ስጦታው ደግ ነው። ስልኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሳቸው የቀድሞ ባለቤቱን ጠባይ እንደያዘ ነው፤ ፊደሉ ጥቃቅን፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ገጹ እሳቸው በማይከፍቷቸው አፖች የታጨቀ። ጥቂት ሰንብቶ ስልኩ ቁም ሳጥን ይገባል፣ እናትም «እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም» ብለው ወደ በተን ስልካቸው ይመለሳሉ። ያልሆነው ግን ስልኩ ነው። ለወላጅ ስልክ የሚያሰናዳ ሰው የሚጨምረው ጥቂት፣ የሚያጠፋው ብዙ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ከስልኩ መልክ ጋር አይገናኝም፤ ከቀድሞ ባለቤቱ ነፃ ወጥቷል ወይ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልክ ቢሰረቅ ሌባው እንዳይጠቀምበት የተበጀ መከላከያ አለ። ባለቤቱ አካውንቱን ሳያወጣ ስልኩ በውጭ ቁልፎቹ ሪሴት ቢደረግ፣ እንደገና ሲበራ የድሮውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ ያንን ያላወቀ አያልፍም። አይፎን ላይም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተመሳሳይ ቁልፍ አለ። ስለዚህ ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ሴቲንግ ገብቶ አካውንቱን ያውጣ፣ ከዚያው ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ያድርገው፣ እናንተም እዚያው ቆማችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። «ፓስዎርዱን ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ» ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛው ፍተሻ ሲም ነው። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ደውሉ። ከአሜሪካ የሚመጡ ስልኮች ለአንድ የቴሌ ድርጅት ብቻ እንዲሠሩ የተቆለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ብላችሁ ስትገቡ «ካሪየር ሎክ» በሚለው አንጻር «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» የሚል ካያችሁ ክፍት ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚያ የተሸጠ አይፎን 14ና ከእሱ በኋላ የመጣው ጭራሹኑ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። እናታችሁ ሲማቸውን በእጃቸው ይዘው ቀዳዳ ሲፈልጉ እንዳይውሉ ከመላካችሁ በፊት አስቡበት።

የቀረው ፈጣን ነው። *#06# ሲደወል የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ዲስፕሌዩ ከጠርዙ ተነስቶ ከታየ ባትሪው አብጧልና ተዉት። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከአንድሮይድ 5 በታች ላሉ ስልኮች መሥራት አቁሟል፤ የክፍያ አፖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አዲስ ነው የሚፈልጉት። እኔ ከአንድሮይድ 10 በታች የሆነ ስልክ በነፃ ቢሰጠኝም ለወላጅ አልሰጥም።

አሁን ወደ አካውንቱ። ብዙ ልጆች ለመፍጠን ሲሉ የራሳቸውን ጂሜይል እናታቸው ስልክ ላይ ያስገባሉ። በማግስቱ የልጅየው ጓደኞች ስልክ ቁጥር ሁሉ የእናት ስልክ ላይ ይዘረገፋል፣ የፎቶ መጠባበቂያው ከበራም የእናት ፎቶ ልጅየው ጋ ይሄዳል። ይህ ብቻ ቢሆን በሳቅ ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅየው ፓስዎርዱን ሲቀይር ወይም ስልኩ ተበላሽቶ ሪሴት ሲደረግ ግን እናት ከገዛ ስልካቸው ደጅ ይቀራሉ። በስማቸው አዲስ አካውንት ክፈቱላቸው፤ መጠባበቂያው ስልክ የእሳቸው፣ መጠባበቂያው ኢሜይል የእናንተ ይሁን። ፓስዎርዱንም ጻፉት። ፓስዎርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም የሚለው ምክር ለቢሮ ሠራተኛ ይሠራ ይሆናል፤ ለእናት ግን የባንክ ደብተራቸውና የዕድር ደብተራቸው ከሚቀመጡበት የተሻለ ቦታ የለም። የገንዘብ ሚስጥር ቁጥር ብቻ እዚያ አይገባም።

ስልክ ቁጥሮችን ስታዛውሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። በተን ስልክ ላይ ስም ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ሲሙ ላይና ስልኩ ራሱ ላይ። ሲሙን ብቻ አውጥታችሁ ብታዛውሩ ግማሹ ሰው ይቀራል። ከዚያ ስሞቹን እሳቸው በሚጠሩበት መንገድ በአማርኛ ጻፉ። ለእናት «ወፍጮ ቤት»፣ «የዕድሩ ጸሐፊ»፣ «ባለ ባጃጁ» ከማንኛውም ሙሉ ስም ይበልጣል። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ፎቶ አለ፦ የልጆቹን ፊት፣ የወፍጮ ቤቱን በር፣ የባጃጁን ቀለም አንሥታችሁ ከየቁጥሩ ጋር አያይዙት። አንድሮይድ ላይ አንድ ሰው ሲነካ ወዲያው የሚደውል ምልክት የፊት ገጽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አራት አምስት ፊት እዚያ ከተደረደረ የስልኩ ዋና ሥራ አለቀ ማለት ነው።

የፊት ገጹ ላይ ከእነዚህ ፊቶች ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ስልክ መደወያ፣ ካሜራ፣ የሚያወሩበት አፕ፣ ሰዓት። ሌላውን አንሱት። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀይሩ፤ አንዳንድ የሳምሰንግ ስልክ ዝርዝሩ ውስጥ ላይኖረው ይችላል፣ አይፎን ደግሞ ሴቲንጉን በአማርኛ አያሳይም። ፊደሉንና የገጹን መጠን አሳድጉ። ሳምሰንግ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያደርግ «ኢዚ ሞድ» የሚባል አለው።

በዕድሜ የገፋ ሰው ስክሪን እንዴት እንደሚነካ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። እናቴ የበተን ስልክ እንደለመደች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አጥብቃ ተጭና ትቆያለች። ስልኩ ደግሞ ይህን «አንሥተህ ውሰደኝ» ማለት አድርጎ ይረዳዋል፤ ምልክቱ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። «ቴሌግራሜን በላው» ትላለች። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ገብቶ ተጭኖ የመቆያውን ጊዜ ማርዘምና የፊት ገጹን አቀማመጥ መቆለፍ። የደረቀ ጣትን ስክሪን በደንብ አይለየውም፤ ላዩ ላይ ወፍራም መስታወት ከተለጠፈበት ይብስበታል። ሳምሰንግ ላይ «ተች ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን ማብራት ይረዳል። ሌላው የተለመደ ጭንቅ ስልክ ማንሳት ነው። አረንጓዴው ምልክት መጎተት አለበት፤ እሳቸው ግን ደጋግመው ይመቱታል፣ ስልኩም ጮሆ ጮሆ ይዘጋል። ሳምሰንግ ድምፅ መጨመሪያውን በመጫን ጥሪ ማንሳት ያስችላል። ይህችን አንዲት ነገር ያበራ ልጅ «ለምን አታነሺም?» እያለ መጨቃጨቁን ይተዋል።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉም የሚያልፈው እሱን ነውና። ስልኩ 7:00 ሲል እናት የሚያውቁት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። የመድኃኒት ሰዓት አስታውሱልኝ ብለው አላርም ስትሞሉላቸው በየቀኑ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ይጀምራል። አንዳንዱ ልጅ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ይህ አይሠራም፤ ዋትስአፕ የስልክህ ቀን ተሳስቷል ብሎ ይቆማል፣ ሌሎች አፖችም ያኮርፋሉ። የተሻለ ዘዴ አለ። ሰዓቱ ራሱ በኔትወርክ እንዲስተካከል ተዉትና የሰዓት ክልሉን ብቻ በእጃችሁ የኡራጓይዋን ሞንቴቪዴዮ አድርጉት። ሞንቴቪዴዮ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን በባለ 12 ሰዓት አቆጣጠር ስልኩ 1:00 ይላል፤ ኤኤም የሚለው የእኛ ቀን፣ ፒኤም የሚለው የእኛ ሌሊት ይሆናል። ቀኑም የሚለወጠው ጎሕ ሲቀድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለፈረንጅ የተሠራ ስልክ ከዚህ በላይ ሐበሻ አይሆንም። ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን በአንድ ቁልፍ ያሰሩ አንዳንድ አሮጌ ስልኮች ላይ ግን ዘዴው አይሆንም፤ ለእነሱ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ይጫን። አላርሙ ላይ ደግሞ «የግፊት መድኃኒት» ብላችሁ ጻፉበት፤ ባዶ ጩኸት ያስደነግጣል።

የሚያወሩበትን አፕ የሚመርጠው ልጆቹ ያሉበት አገር ነው። ዱባይ ያለች ልጅ በዋትስአፕ ድምፅ መደወል አትችልም፤ እዚያ ተዘግቷል፣ ብዙዎች ቦቲም የሚባለውን አፕ ይጠቀማሉ። ደካማ ኔትወርክ ባለበት ሰፈር ኢሞ የእናቶች ወዳጅ ሆኖ ቆይቷል። አንዱን ምረጡና ሌላውን አጥፉ። መተየብ ለሚከብዳቸው የድምፅ መልእክት አሳዩአቸው፤ የጉግል ኪቦርድም አማርኛ ሲነገረው ይጽፋል፣ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ። ፓኬጃቸው በአንድ ሌሊት እንዳያልቅ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ ዝጉ፣ ፕሌይ ስቶርም በዋይፋይ ብቻ ያድስ። ዳታ ማብራትና መዝጋት ግን እሳቸው ራሳቸው ይማሩ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የወላጅ ስልክ የወላጅ ቦርሳ ሆኗል፤ ሌባውም ስልኩን ሳይነካ ገንዘቡን ብቻ መውሰድ ተምሯል። «ዕጣ ደርሶዎታል» ይላል አንዱ። ሌላው «በስህተት ብር ልኬብዎት ነበር፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይላል፣ ከዚያ በፊትም የገባ የሚመስል የውሸት መልእክት ይልካል። ይህኛው ደግ ሰውን ነው የሚይዘው፤ የሰው ገንዘብ መብላት የማይሹ እናት ወዲያው ይመልሳሉ። ማስተማር ያለባችሁ ይህን ነው፦ መልእክቱን አይመኑ፣ በ*127# ገብተው ሒሳብዎን ይዩ፣ ካልጨመረ አልገባም። ሦስተኛው በቴሌግራም ይመጣል፤ የሚያውቁት ሰው ስም ነው፣ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ይላል፣ ከዚያ የመጣልዎትን ቁጥር ይጻፉ ይላል። ቁጥሩን የጻፈ ሰው አካውንቱን አስረከበ፤ በማግስቱ በእሱ ስም ዘመዶቹ ብር ይጠየቃሉ። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቁጥር አስገቡላቸው። ቀሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ በጽሑፍ የመጣልዎትን ቁጥር አንብቡልኝ ያለዎት ሁሉ፣ ልጅዎ ነኝ ቢልም፣ ሌባ ነው። 994ን «ኢትዮ ቴሌኮም»፣ 951ን «ንግድ ባንክ» ብላችሁ በአማርኛ መዝግቡ፤ የተጠራጠሩ ጊዜ መልሰው የሚደውሉት እዚያ ነው። ስልኩ አሮጌና ከአሁን በኋላ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ከሆነ፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸው ያለበትን ሒሳብ ከእሱ ጋር አታገናኙ። የሚስጥር ቁጥሩንም እሳቸው ይምረጡ፤ ልጅ ስለሆናችሁ ብቻ አትጠይቋቸው።

ስታስተምሩ ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ። «አምጪው፣ እኔ ላድርገው» ማለት ፈጣን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም እናንተው ታደርጉታላችሁ። ራቅ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ስክሪንን ማሳየት ያስችላል፤ እሳቸው ያሳያሉ፣ እናንተ «አሁን ከላይ ያለውን ንኩ» ትላላችሁ። ይህንኑ ዘዴ አጭበርባሪም ይጠቀምበታልና ከእናንተ በቀር ለማንም እንዳያሳዩ አስጠንቅቁ።

በመጨረሻም የበተን ስልካቸውን አትውሰዱባቸው። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቁጥራቸው እዚያው ይቀመጥ፤ ለአዲሱ ስልክ ሌላ ሲም ይውጣለት። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ሲከፈቱ የሚላከው ቁጥር በበተኑ ስልክ ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ በድሮው ቁጥራቸው ከመመዝገብ የሚያግዳቸው የለም። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ተች ስልኩ ይሞታል፤ የበተኑ ስልክ ያን ጊዜም ይጠራል።