ኮምፒውተር ወይስ ፕሌይስቴሽን? ከእቁብ ብር የተነሣ ክርክር

የዛሬ ዓመት ገደማ ታላቅ ወንድሜ ከደሴ ደወለልኝ። እቁቡ ወጥቶለት ኖሮ በብሩ ሰፈራችን ውስጥ ጌም ቤት ሊከፍት አስቧል። «አንተ ኮሌጅ ገብተሃል፣ እንዲህ ያለውን ነገር አታጣውም። ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ፕሌይስቴሽን?» አለኝ። እኔ በኮምፒውተር ጌም ያደግኩ ሰው ነኝና ጊዜ አልፈጀብኝም። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄማ ምን ጥያቄ አለው? ኮምፒውተር ነዋ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዶርም ውስጥ ያሉት ልጆች ሰምተውኝ ነበር። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ልጅ ነው። ቀና ብሎ «አንተ በሰው እቁብ ነው እንዴ የምትጫወተው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያማ ክርክሩ ጦፈ። እሱ የኮንሶል፣ እኔ የኮምፒውተር ጠበቃ ሆነን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነታረክን፤ ማንም ማንንም አላሳመነም። ጠዋት ላይ ግን ያቺ ቃሉ ከነከነችኝ። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጥሎ ባገኘው ብር ሲያማክረኝ እኔ የመለስኩለት እንደ ደጋፊ እንጂ እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ላጣራ ተነሣሁ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ኮንሶልና ኮምፒውተር ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች ይመስሉናል። ውስጣቸው ሲከፈት ግን ዘመዳሞች ናቸው። ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ይሠራ የነበረው በኢንቴል ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰር ነው። በ2013 የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋንም ፕሮሰሰራቸው የተሠራው ኤ.ኤም.ዲ. በተባለው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ነው።

ዋናው ልዩነት አንዱ ዝግ፣ ሌላው ክፍት መሆኑ ነው። ኮንሶል ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። ጌም ሠሪው የሚሠራበትን ማሽን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጌሙን በልኩ ይሰፋለታል፤ ተጫዋቹም «ይሄ ጌም እኔ ጋ ይሠራ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም። ኮምፒውተር ግን እንደ ባለቤቱ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ይቀየራል፣ ሚሞሪ ይጨመርለታል፣ ሲያሰኝም ጌሙ ራሱ ይነካካል። ካውንተር ስትራይክ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በ1999 ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ የተባለውን ጌም ለውጠው ነው የሠሩት፤ አንደኛው ሚን ሌ ያኔ እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዝግ ማሽን ላይ ቢሆን ይህ ባልታሰበ ነበር።

አጨዋወቱም ይለያል። ለተኩስ ጌም ማውስን የሚያክል የለም፤ እጅ እንዳሰበ ይደርሳል። ለኳስና ለመኪና ውድድር ግን ጆይስቲክ ይሻላል። እዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተስማምተናል።

ገንዘቡስ የት ነው ያለው?

እኔ ሳላውቀው የኖርኩት ይህንን ነው። የኮንሶል ኩባንያዎች ዋና ትርፋቸውን የሚጠብቁት ከማሽኑ ሳይሆን ከጌሙ ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ የፍርድ ቤት ክርክር አንዲት የማይክሮሶፍት ኃላፊ ኤክስቦክስ ማሽኑ ራሱ በትርፍ ተሽጦ እንደማያውቅ መስክረዋል። ኩባንያው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጌም ድርሻውን ይወስዳል። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወትም ለአብዛኞቹ ጌሞች ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ሶኒ ይህን የጀመረው ከፕሌይስቴሽን 4 ወዲህ ነው። ኮምፒውተር በአንጻሩ ሲገዛ ኪስ ያራቁታል፤ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ክፍያ የለበትም።

«ኮንሶል ቆይቶ ይረክሳል» የሚለው አባባልም እንደ ድሮው አይደለም። ፕሌይስቴሽን 2 አሜሪካ ውስጥ በ2000 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወርዷል። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ2020 ከነበረበት 499 ዶላር በ2025 ወደ 549 ዶላር ወጥቷል።

አገርም ይወስናል

የትኛው ያሸንፋል የሚለውን ማሽኑ ብቻውን አይወስነውም። ቻይና ለወጣቶች አስባ በ2000 ኮንሶል እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ክልከላው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2015 ነው። በነዚያ ዓመታት ወጣቱ ያደገው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ነው። ደቡብ ኮሪያም የጃፓንን የባህል ውጤቶች ከልክላ ኖራ ማላላት የጀመረችው በ1998 ነው። በዚያው ዓመት ስታርክራፍት የተባለው የኮምፒውተር ጌም ወጣና በየሰፈሩ የተከፈቱትን የኮምፒውተር ቤቶች ሞላቸው።

እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ነበር። ኢንተርኔት አልነበረም። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የተቀዳ ሲዲ፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ጆተኒ ቤት እንደነበረው ማለት ነው።

ወደ ደሴ እንመለስ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወንድሜ ጋ ደውዬ መጀመሪያ ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅኩት። «ማን ነው የሚመጣልህ?»

«የሰፈር ልጆች ናቸዋ፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ። ሁለት ሁለት ሆነው ኳስ ነው የሚጫወቱት» አለኝ።

መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። አንድ ኮንሶል ሁለት ከፋይ ያስቀምጣል፤ አንድ ኮምፒውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ የኮምፒውተር ጌም ዛሬ በዲስክ አይሸጥም ማለት ይቻላል። ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ አንዳንዱም ከ100 ጊጋ ባይት ይበልጣል። ዲስክ ግን ይዋሳል፣ ይሸጣል። በ2013 ማይክሮሶፍት ያገለገለ ዲስክ መሸጥንና መዋዋስን ሊገድብ አስቦ ተጠቃሚው ስለጮኸበት በዚያው ወር ሐሳቡን ቀይሯል። ስለዚህ ወንድሜን «የዲስክ ማስገቢያ የሌለው እንዳይሸጡልህ፤ አደራ!» አልኩት።

ሁለት ያገለገሉ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛ። ቤቱ ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ጀምሮ ይሞላል። የእግር ኳሱ ጌም ከ2023 ወዲህ ኢ.ኤ. ስፖርትስ ኤፍ.ሲ. ቢባልም ልጆቹ ዛሬም «ፊፋ» ነው የሚሉት። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል፤ ወንድሜም «ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪ ነበረው» ብሎ ይወቅሰኛል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ለሚገዛ ተማሪ ዛሬም ኮምፒውተር እመርጣለሁ፤ አሳይመንት ይጻፍበታል፣ ድምፅ ይቆረጥበታል፣ ሲደክምም ያጫውታል። ለወንድሜ ጌም ቤት ግን ተሳስቼ ነበር። «የቱ ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት «ለማን? የት? በማን ገንዘብ?» ብለን ብንጠይቅ የዶርማችን ክርክር ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። የቀረውን ግማሽ ከላይኛው አልጋ ካለው ልጅ ጋር ዛሬም አልጨረስነውም።