ያልተላከው ልኬት

አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል አንዱ «ታግዷል» ይላል፣ ሌላው «ኔትወርኩ ተጨናንቆ ነው» ይላል። ኡኒ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2012 በቶር ፕሮጀክት ሥር የተጀመረው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ማስረጃ ለማቅረብ ነው። ሶፍትዌሩ ኡኒ ፕሮብ ይባላል፤ በነፃ ይገኛል፣ የሚሠራውም በፈቃደኞች ስልክና ኮምፒውተር ላይ ነው። ገጹን ከተጠቃሚው መስመር ይሞክራል፤ ውጤቱንም እገዳ በሌለበት ሌላ ቦታ ከተከፈተው ያው ገጽ ጋር ያስተያያል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ኡኒ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 ስለ ኢትዮጵያ ባወጡት ሪፖርት የዋትስአፕንና የዜና ድረ ገጾችን መታገድ ያሳዩት በዚህ መንገድ በተሰበሰቡ ልኬቶች ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር አለ። ልኬቱ ዋጋ የሚኖረው ወደ ሰብሳቢው ሰርቨር ሲደርስ ነው፤ የሚላከውም በዚያው በሚመረመረው መስመር ነው። ሙከራው አልቆ ሪፖርቱ ሳይሄድ መስመሩ ከተቋረጠ፣ ወይም ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው መንገድ ራሱ ከታገደ፣ ማስረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል። በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ መዳን ያለበት ይህ ነው፤ የተበላሸው መስመር ምስክር ነውና።

በቀድሞዎቹ የኡኒ ፕሮብ እትሞች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው መሣሪያ ኡኒሪፖርት ነው። መስኮትም አዝራርም የለውም፤ ተርሚናል ተከፍቶ ስሙ ይጻፋል። ከስሙ ቀጥሎ «ስታተስ» ሲባል ሳይላኩ የቀሩትን ሪፖርቶች ይዘረዝራል፤ «አፕሎድ» ሲባል ይልካቸዋል። ሥራው ይኸው ነው።

ከመላኩ በፊት ግን የሪፖርቱን ፋይል ከፍቶ ማንበብ ይገባል። የአገሩ ኮድ፣ የተሞከረው አድራሻ፣ የኔትወርኩ መለያ ቁጥር (ለኢትዮ ቴሌኮም ኤኤስ24757) እና ሙከራው የተጀመረበት ሰዓት በውስጡ ተጽፈዋል። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ስለሆነ በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት የተደረገ ሙከራ 12፡00 ተብሎ ይነበባል። ሪፖርቱ ከቀናት በኋላ ቢላክም ይህ ሰዓት አይለወጥም፤ መዘግየቱ ማስረጃውን የማያበላሸውም ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ የተጠቃሚውን አይፒ አድራሻ ከሪፖርቱ ለማውጣት ይጥራል፤ የአገሩ ኮድና የኔትወርኩ መለያ ቁጥር ግን ይቀራሉ። የተላከው ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን፣ ይህን መሣሪያ መጠቀም አደጋ ሊያመጣበት የሚችል ሰው ይህን አስቀድሞ ማመዛዘን አለበት።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። ኢንተርኔት ጭራሽ ሲጠፋ የሚያስተያይበት ስለማያገኝ ልኬቱ ራሱ በወጉ አይካሄድም። ጠቃሚነቱ መስመሩ በሚቆራረጥበትና እገዳው በከፊል በሆነበት ጊዜ ነው። መላኩ አሁንም ካልተሳካ ደግሞ ፋይሉን አለመሰረዝ ነው፤ የተሻለ መስመር ሲገኝ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ይበቃል።