የቱ ከየቱ በታች? የሥዕል ማስታወሻ ደብተር ትውውቅ

ዳን ኤልደን እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ የሮይተርስ ፎቶ አንሺ ነበር። የሶማሊያን ረሃብና ጦርነት እየዘገበ ሳለ በ1993 ሞቃዲሾ ላይ በተቆጣ ሕዝብ እጅ ሲገደል ገና 22 ዓመቱ ነበር። ከፎቶዎቹ ሌላ 17 ያበጡ ደብተሮች ትቶ ሄዷል። ከልጅነቱ ጀምሮ በያዛቸው በእነዚህ ደብተሮች ውስጥ ፎቶግራፍ፣ ቀለም፣ የጋዜጣ ቁራጭና የእጅ ጽሑፍ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል። በ1997 የተመረጡ ገጾች በመጽሐፍ ታትመው ከወጡ በኋላ ብዙ ወጣቶች ደብተር መያዝን ከእርሱ ተምረዋል።

ይህ ዓይነቱ ደብተር አርት ጆርናል ይባላል፤ የሥዕል ማስታወሻ ደብተር ማለት ነው። የሚሠራበት ዘዴ ደግሞ ሚክስድ ሚዲያ የሚባለው ነው፦ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ክር፣ ቀለምና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው «እኔ እኮ መሳል አልችልም» ብሎ ገና ከበሩ ይመለሳል። ደብተሩ ግን ፈረስ አሳምሮ መሳልን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የቱ ነገር ከየቱ በታች እንደሚገባና የቱ እስኪደርቅ እንደሚጠበቅ ማወቅን ነው። ይህ ደግሞ ተሰጥኦ የሚፈልግ ነገር አይደለም፤ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይለመዳል።

ከእኛ በፊት የለጠፉ

ለመጀመር የሚረፍድበት ዕድሜ እንደሌለ የምታሳየን እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዴላኒ ናት። ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች በጥቁር ወረቀት ላይ የአበባ ምስል መለጠፍ የጀመረችው በ1772፣ በ72 ዓመቷ ነው። ዓይኗ እስኪደክም ድረስ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ አበቦችን ሠራች፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጠዋል።

በ1912 ፓብሎ ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት ሙሻማ ሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በእውነተኛ ገመድ ከበበው። በዚያው ዓመት ጓደኛው ዦርዥ ብራክ እንጨት የሚያስመስል የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ ሥዕሉ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በፊት ገመድ የፈለገ ሠዓሊ ገመድ ይስል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ገመዱን ራሱን ማስገባት ተቻለ። በአገራችን ኤልያስ ስሜ በክርና በልብስ ቁልፍ ጀምሮ፣ ዛሬ ከአሮጌ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና ከተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግዙፍ ሥራዎችን ይሠራል።

ደብተርን በተመለከተ ደግሞ የሜክሲኮዋ ፍሪዳ ካሎ ትጠቀሳለች። በሕይወቷ የመጨረሻ አሥር ዓመታት ገደማ በያዘችው ደብተር ውስጥ ሕመሟን፣ ፍቅሯንና ፖለቲካዋን በቀለምና በጽሑፍ አስፍራለች። ለአደባባይ የበቃው እርሷ ካረፈች ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1995 ነው። ጀማሪ ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል፦ ደብተር ኤግዚቢሽን አይደለም፤ ማንም ሳያየው ሊኖር ይችላል።

ደብተሩና ወረቀቱ

የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ ለውሃ ቀለም የሚሠራው ወፍራም ወረቀት 300 ግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ስስ ወረቀት ሲርስ ቃጫዎቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ እብጠቱ እኩል ስለማይሆንም ገጹ ይጨማደዳል። ወፍራም ደብተር ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ በቤት ያለው ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ይበቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ እርስ በርሱ አጣብቀው፣ ከባድ መጽሐፍ ጭነው ያድርቁት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የተለጠፈበት ገጽ ስለሚወፍር ደብተሩ ከመሃሉ ይጨናነቅና ጥራዙ ይፈነዳል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በየሦስት ወይም በየአራት ቅጠሉ አንድ ቅጠል ይቁረጡ፤ ከጥራዙ ሁለት ጣት ያህል ቢያስቀሩ ስፌቱ አይላላም። የቆረጡት ወረቀት ለመለጠፍ ያገለግላል።

መደብ

ነጭ ገጽ ያስፈራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ነጭነቱን ማጥፋት ሲሆን፣ ይህ መደብ ማበጀት ይባላል። ሠዓሊዎች ለዚህ ጄሶ ይቀባሉ። ድሮ ከጄሶ ወይም ከጠመኔ ዱቄትና ከእንስሳት ሙጫ ይዘጋጅ ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሠዓሊያችን ፍሬ ጽዮን እመቤታችንን ከልጇ ጋር የሳለው ጣውላውን በጄሶ አልብሶ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ ደግሞ በአክሪሊክ የተሠራው የተዘጋጀ ጄሶ ገበያ ላይ ይገኛል።

ጄሶ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ወረቀቱ ውሃ እንዳይመጥ ይከለክላል፤ ለቀጣዩ ቀለም ደግሞ ሻካራ መያዣ ይሰጠዋል። ከሌለዎት በነጭ አክሪሊክ ቀለም ላይ ጥቂት ነጭ ኮላና የተነፋ የጠመኔ ዱቄት ጨምረው አሳሰው ይቀቡ። ጠቆር ያለ መደብ የሚወድ ሰው ገጹን በወፍራም ቡና ወይም ሻይ ቀብቶ ማድረቅ ይችላል፤ የሚተወው ቡናማ ቀለም ከሁሉም ጋር ይስማማል።

መለጠፍ

የሎተሪ ቲኬት፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ አሮጌ ካርታ፣ የተቀደደ ፖስታ፣ የጨርቅ ቅዳጅ፣ የደረቀ ቅጠል፦ ሁሉም ገጽ ይሆናሉ። ኮላውን በቁራጩም በገጹም ላይ በስሱ ይቀቡ፤ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በአሮጌ የስልክ ካርድ እየገፉ አየሩን ያስወጡ። ኮላ በበዛ ቁጥር ወረቀቱ ይበልጥ ይጨማደዳል። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ስለት አለው፤ በእጅ የተቀደደ ጠርዝ ግን ከሥሩ ካለው ጋር ለስልሶ ይዋሃዳል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ማገናኘት ጥሩ ልምምድ ነው።

አንዳንድ ወረቀት ግን ከመለጠፉ በፊት ሊታወቅ ይገባል። ጋዜጣ ከእንጨት የወረሰው ሊግኒን በብርሃንና በአየር ስለሚለወጥ ይቢጫል። ከሱቅ የሚሰጠን የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጽሑፍ ቀለም አይደለም፤ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ሽፋን ነው፤ በጊዜ ብዛት ይጠፋል፣ በፀጉር ማድረቂያ ቢነካ ደግሞ ጭርሱን ይጠቁራል። እንዲቆዩልዎ የሚፈልጓቸውን ሁለቱንም ፎቶ ኮፒ አድርገው ኮፒውን ይለጥፉ። የፎቶ ኮፒና የሌዘር ፕሪንተር ቀለም በሙቀት ወረቀቱ ላይ የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ በኮላ እርጥበት አይፈስም፤ የኢንክጄት ኅትመት ግን ይፈስሳል።

ከዚሁ የፎቶ ኮፒ ቀለም ጠባይ አንድ ግሩም ዘዴ ይገኛል። ገጹ ላይ ወፈር ያለ አክሪሊክ ቀለም ይቀቡና ሳይደርቅ ፎቶ ኮፒውን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ያጣብቁት። አድሮ ሲደርቅ ጀርባውን በእርጥብ ጣት ቀስ እያሉ ይሹት፤ ወረቀቱ እየተፈረፈረ ሲወጣ ምስሉ ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። ምስሉ ግን ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሚታተም ፊደል ካለበት አስቀድመው በኮምፒውተር ያገላብጡት።

ቀለም

ለጀማሪ ሁለት ዓይነት ቀለም ይበቃል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የውሃ ቀለም ዱቄቱን የሚይዝለት የግራር ሙጫ ነው፤ ሙጫው ውሃ ሲያገኝ እንደገና ስለሚሟሟ፣ ደርቆም ቢሆን እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ይነሳል። አክሪሊክ ግን ውሃው ሲተን ዱቄቱን እንደያዘ ወደ ስስ ፕላስቲክ ይለወጣል፤ አንዴ ከደረቀ ውሃ አያነሳውም። ስለዚህ አክሪሊክ ከታች፣ የውሃ ቀለም ከላይ ይሁን። በተቃራኒው ከሆነ የታችኛው ተነስቶ ከላይኛው ጋር ይጨቀያል። በጭቃ ቤት ምርጊቱ ሳይደርቅ ቀለም እንደማይቀባ ሁሉ፣ እዚህም ትዕግሥት የሥራው ግማሽ ነው።

የተለጠፉት ቁርጥራጮች ተበታትነው ከታዩ አንድ አክሪሊክ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥነው በሁሉም ላይ ይለፉ፤ የጋራ ቀለም ያስተሳስራቸዋል። በሻማ ሰም ሥዕል ሠርተው የውሃ ቀለም ቢቀቡበት ሰሙ ውሃውን ስለሚገፋ የሰሙ መስመር ሳይነካ ይወጣል። እርጥብ የውሃ ቀለም ላይ ጨው ቢነሰነስ ጨው ውሃውን ወደ ራሱ ስቦ የከዋክብት ቅርጽ ይተዋል፤ ሲደርቅ ጨውን ያራግፉት።

ደብተር ከመዝጋትዎ በፊት ደግሞ የአክሪሊክ ገጾች ደርቀውም ሊጣበቁ እንደሚችሉ ያስታውሱ። በመካከላቸው የተቆረጠ ፌስታል ማስገባት ወይም ገጹን በሻማ ስስ አድርጎ ማሸት ያድናቸዋል። ሻማው ግን ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ሰም በነካው ላይ ቀለም አይይዝም።

ጽሑፍ

ጽሑፍ የደብተሩ ነፍስ ነው። የእኛ ፊደል በወፍራም ብሩሽ ሲጻፍ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ቅርጽ ስለሆነ፣ አንድ ፊደል ብቻውን ገጽ ሊሞላ ይችላል። እስክሪብቶ በለሰለሰ አክሪሊክ ላይ ይንሸራተታል፤ በማርከር ይጻፉ ወይም ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርገው ያሹት።

ማንም እንዲያነበው የማይፈልጉት ነገር ካለ በመጀመሪያ ንጣፍ ላይ ሁሉንም ይጻፉት፤ ከዚያ ጄሶ ቀብተው ሌላ ሥዕል ይሥሩበት። የተጻፈው ከሥር አለ፤ የሚያውቀው ግን ጸሐፊው ብቻ ነው። ኀዘንን፣ ቁጣን ወይም ለማንም ያልተነገረ ተስፋን አውጥቶ ለማስቀመጥ ይህን የመሰለ ቦታ ጥቂት ነው፤ ደብተሩን የምወደውም ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ሲበላሽ

የሚያሳፍር ገጽ መውጣቱ አይቀርም። አይቅደዱት። በጄሶ ቢሸፈን መደብ ሆኖ ያገለግላል፤ ከሥሩ የሚያጮልቀው አሮጌ ቀለምም አዲሱን ገጽ ያበለጽገዋል። በየገጹ ጥግ ቀኑን ይጻፉ፤ ከወራት በኋላ እጅዎ የት እንደደረሰ የሚነግርዎ እርሱ ነው።

ለመነሻ አሮጌ ደብተር፣ ነጭ ኮላ፣ አንድ ነጭና አንድ ባለቀለም አክሪሊክ፣ ብሩሽና ማርከር ይበቃሉ። ዛሬ ማታ መደቡን ይቀቡና ያሳድሩት፤ ነገ ከኪስዎ ወይም ከቦርሳዎ ያገኙትን ወረቀት ይለጥፉ፤ ከነገ ወዲያ በላዩ ይጻፉ። ደብተሩ ማን እንደተማረ፣ ማን እንዳልተማረ አይጠይቅም፤ ለልጅም ለአዛውንትም፣ ለተማሪም ለጡረተኛም ይሆናል። ሦስት ቀን የታገሠ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሷል።