የታሰረ ጥርኝ መብል ስለምን ይመርጣል?

ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፥ እነአጋሮና እነሊሙ ገነት፥ ስማቸው የሚነሣው ዘወትር በቡና ነው። ነገር ግን ከዚያው አገር ሌላም የቆየ ሀብት ይወጣል፤ እርሱም ዝባድ ነው። ዝባድ የሚገኘው ጥርኝ ከሚባለው የሌሊት አውሬ ሲሆን፥ ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉት የሽቶው መዓዛ ቶሎ ተኖ እንዳይጠፋ ስለሚያደርግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብነው ግን ስለ ዝባዱ ሳይሆን ስለ እንስሳው መብል ነው። ይኸውም በቤት የታሰረ ጥርኝ አልበላም የሚለው፥ ወይም አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚመርጠው ስለምንድን ነው? ልዩ ልዩ መብል እንዲለምድስ ምን ቢደረግ ይሻላል? የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እንመረምራለን።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው ታሪክ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ይገዛ በነበረበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861) ነጋዴዎች ከሰቃ ገበያ ወደ ሰሜን ከሚያወጡት ዕቃ መካከል ዝባድ አንዱ ነበር። በቀንድ እየተሞላ ረዥም መንገድ ይጓዝ ነበር፤ ቀንዱም እስከ ዘመናችን ድረስ የዝባድ ማስቀመጫነቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠው ሲቬቶን 17 የካርቦን አቶሞች በቀለበት የተያያዙበት ነገር መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ ሽታ እየበረታ፥ የተፈጥሮው ዝባድ ገበያ እየጠበበ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻም አንድ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በኢትዮጵያ ያለውን የጥርኝ አያያዝ መርምሮ አጥብቆ ነቀፈ። ስለዚህ ዛሬ የጥርኝ አመጋገብ ጉዳይ የእንስሳው ሕይወት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአርቢውም እንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

የአያያዙ ልማድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጥርኙ በቤት የተወለደ አይደለም፤ ከዱር በወጥመድ ይያዛል። ዝባድ ወንዱም ሴቷም ቢኖራቸው የሚታሰረው ወንዱ ነው። በእንጨት በተሠራ ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ይቀመጥና፥ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ዝባዱ ይወጣለታል። በቤቱ ውስጥ እሳት ይነድዳል። የዘወትር ቀለቡ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ገንፎ ነው፤ በዚህም ላይ እንደ አርቢው አቅም ሥጋ፥ ወተት፥ እንቍላልና ቅቤ ይጨመርለታል። ይህ ቀለብ ለብዙ ድኻ ቤተ ሰብ ከባድ ወጪ መሆኑን መርሳት አይገባም። እንግዲህ አርቢው ከጓዳው ቀንሶ ያቀረበውን ጥርኙ አሽትቶ ሲተወው፥ «ይህ አውሬ መራጭ ነው» ቢል አያስደንቅም።

ነገር ግን ጥርኝ በተፈጥሮው መራጭ ነውን? በጫካ ያለውን ጥርኝ ብንመለከት መልሱ ተቃራኒ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥርኝ ሥጋም ፍሬም የሚበላ እንስሳ ነው። አይጥ፥ ወፍ፥ እንቍላል፥ እንሽላሊት፥ ፌንጣ፥ ጢንዚዛና ምስጥ ይበላል፤ ሌሎች አውሬዎች የሚሸሹትን ሺ እግር እንኳ አይተውም። ከፍሬም የሾላውን፥ የዶቅማውንና የቀላውን የቡና ፍሬ ይለቅማል። ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። ጥርኝ ዓይነ ምድሩን በአንድ ቦታ የማከማቸት ልማድ ስላለው፥ ተመራማሪዎች በቡና ደን ውስጥ ያን እየሰበከሩ ሳይሆን እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ዘር፥ ጠጕርና የነፍሳት ቅርፊት ለይተው ተመልክተዋል። የፍሬውን ሥጋ ፈጭቶ ዘሩን ሳይጎዳ ስለሚያወጣው፥ ጥርኝ ለጫካው ዘሪም ነው። ምግቡም ከወቅት ጋራ ይለዋወጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ነፍሳት ይበዙለታል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ ቡና ይቀላለታል። እንግዲህ መራጭነቱ ከጫካ ይዞት የመጣው ጠባይ ሳይሆን በእስራት የመጣበት ነገር ነው ማለት ነው።

የመብል እምቢታው ምክንያት በሦስት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ፍርሃት ነው። ብቻውን በሌሊት ይዞር የነበረ እንስሳ በድንገት በሰው ድምፅ፥ በብርሃንና በጢስ መካከል ሲወድቅ ሰውነቱ ለመሸሽ እንጂ ለመብላት አይዘጋጅም። ከተያዙት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱት ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ለአዲስ ምግብ ያለው ጥርጣሬ ነው። ብዙ የዱር እንስሶች የማያውቁትን መብል መጀመሪያ ጥቂት ቀምሰው ይተዉታል፤ ይህም ከመርዝ የሚያድናቸው ተፈጥሯዊ ጥበብ ነው። ትኩስ የበቆሎ ገንፎ ደግሞ በጫካ ውስጥ ፈጽሞ የለም። ሦስተኛው የለመዱትን ብቻ መፈለግ ነው። ሥጋና ቅቤ የለመደ ጥርኝ ከገንፎው መካከል ያን ብቻ እየመረጠ ሌላውን ይተወዋል።

በዚህ ላይ ስለ አንድ የቆየ ልማድ ማስታወስ እንወዳለን። አርቢዎች እንግዳ ሰው ወደ ጥርኙ ቤት እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ዓይን ይጎዳዋል ይላሉ። እኛ ስለ ዓይን የሚባለውን ባንቀበልም፥ ልማዱ ከራሱ ጥቅም የራቀ አይደለም፤ የማያውቀው ሰው ሽታና ድምፅ የሚያስደነግጠውን እንስሳ ጸጥታ ይሰጠዋልና። የአባቶች ልምድና የዛሬው ትምህርት በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ መብላት ምን ይጎዳል? ቢባል፥ በቆሎ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል። አጥንት የሌለበት ሥጋ ደግሞ ፎስፎረሱ ብዙ፥ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፥ እርሱን ብቻ የሚበላ እንስሳ አጥንቱ ይደክማል። ቅቤም ከልክ ሲያልፍ መንቀሳቀሻ የሌለውን እንስሳ ያወፍረዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላው መብሉ ልዩ ልዩ መሆን አለበት።

ከዚህ በላይ በተናገርነው መሠረት ለአርቢው ይጠቅማሉ የምንላቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ጸጥታን ማስቀደም። አዲስ የተያዘው ጥርኝ ከጢስና ከሰው እግር ራቅ ብሎ በጨለም ያለ ስፍራ ይቀመጥ። መብሉን የሚያቀርብለት ዘወትር አንድ ሰው ይሁን፤ የሚቀርብበትም ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን። ንጹሕ ውሃ አይታጣበት።

2ኛ፤ ከሚያውቀው መጀመር። ወጥመድ ያዡ ጥርኙን ከየትኛው ጫካ እንዳመጣውና በዚያ ምን ምን ፍሬ እንዳለ ቢጠየቅ መልካም ነው። ጥሬ እንቍላል፥ ጥቂት ሥጋና የበሰለ ሙዝ ከገንፎ ይልቅ በጫካ ከሚያውቀው ይቀርባሉ።

3ኛ፤ አዲሱን ከለመደው ጋራ መቀላቀል። በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይጨመር፤ መጠኑም በመጀመሪያ እጅግ ጥቂት ሆኖ በየቀኑ ከፍ ይበል። ለይቶ እንዳይተወው በደንብ ይፈጭና ይደባለቅ። በሌላው ዓለም ዔሊ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎችም ቲማቲም ወይም ፍራፍሬ ብቻ የለመደችውን ዔሊ ወደ ቅጠል የሚመልሷት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቅጠሉን አድቅቀው ከምትወደው ጋራ ይለውሱና የምትወደውን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ኾኖም ዔሊ ረኀብን ብዙ ቀን ትችላለች፤ ጥርኝ ግን እንደ እርሷ አይደለምና «ሲርበው ይበላዋል» ብሎ ማስራብ አይገባም። እምቢ ካለ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ይሻላል።

4ኛ፤ ወቅትን መከተል። በክረምት ፌንጣና ምስጥ፥ በበቆሎ ወራት እሸቱን፥ በቡና ለቀማ ጊዜ የቀላ ፍሬ፥ በሌላው ጊዜ ፓፓያና ዘይቱን ማቅረብ ወጪውንም ይቀንሳል። ነገር ግን የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት እርሻ የተለቀመ ነፍሳትም ሆነ ፍሬ አይሰጥ።

5ኛ፤ መጻፍ። ምን ቀረበ? ምን ተረፈ? ክብደቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ብሎ በየቀኑ መመዝገብ ከግምት ያድናል። አርቢው ማንበብ ባይችል በትምህርት ቤት ያለው ልጁ ሊጽፍለት ይችላል።

ይህን ሁሉ ስንል የመብሉ መሻሻል ብቻውን ይበቃል ማለታችን አይደለም። መዞር በማይችልበት ማጎሪያ ውስጥ ያለ ጥርኝ የጫካውን ፍሬ ሁሉ ቢያገኝ እንኳ እስረኛነቱ አይቀርም፤ ዝባዱ ሲወጣ የሚደርስበትም ሥቃይ በምግብ አይካስም። ጥርኝ በጫካ ውስጥ ዝባዱን ራሱ በዛፍና በድንጋይ ላይ ስለሚቀባ፥ ከዚያ መሰብሰብ ይቻል እንደ ሆነ የተመለከቱ የአገራችን ተመራማሪዎች አሉ። ያ መንገድ እስኪሰፋ ድረስ ግን በማጎሪያ ያሉት እንስሶች ዛሬም ማታ መብል ይቀርብላቸዋል፤ የሚቀርበውም ምን እንደ ሆነ ልዩነት ያመጣል።

የእንስሳት ሕክምናና የእርሻ ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደ ጅማ፥ ወደ ሊሙና ወደ ጎማ በሚሄዱበት ጊዜ፥ ከአርቢዎች ጋራ ተቀምጠው የጥርኙን ቀለብ በሚዛን ቢለኩና ቢመዘግቡ ትልቅ ሥራ ይሆናል። አርቢው ለብዙ ዓመት በዓይኑ ያየውን እኛ በቍጥር ብናስቀምጠው፥ ለእርሱም ለእንስሳውም የሚጠቅም ምክር ከዚያ ይገኛል ብለን እናምናለን።